በጉሮሮ ሰዓት አቆጣጠር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእትዬ፤

ከሁሉ በፊት እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለደንቡ ነው እንጂ ወንድምዎ ከሞተ ወዲህ ደህና የሚባል ነገር በቤቴ በኩል አላለፈም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ልመልስ ቁጭ ብዬ እስክሪብቶው አለቀብኝ። በማግስቱ እስክሪብቶ ስገዛ ወረቀቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ሲገኙ የሬዲዮ ጣቢያችን ማሰራጫ ተበላሸ። ይቅርታ።

የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር ብለው ለጠየቁኝ፣ በአካል ስንገናኝ እነግርዎታለሁ። አይደንግጡ፣ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለደብዳቤ የምትበቃ ስላልሆነች ነው።

መነጽሩን፣ ካፖርቱንና የላኩለትን ደብዳቤዎች በሙሉ በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ልኬያለሁ። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አራት የጉሮሮ ከረሜላ ነበር፤ እሱን ግን እኔ በላሁት። አንዱን ስበላ ሌላውን ለመላክ አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ይቅርታ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄዎ ልምጣ። «ፀጉር አስተካካዩ በወንድሜ ምክንያት ከተማው ለሁለት ተከፍሏል ብሎ የጻፈልኝ ምንድነው?» ብለዋል። ያ ሰውዬ ምላሱም እንደ መቀሱ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይቆርጣል። ቢሆንም ውሸት አልጻፈም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሆስፒታሉ ልጀምር። አጠገቡ ነበርኩ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ያረፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ» ብሎ ጻፈ። የኔ ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ይላል። «ዶክተር፣ ሰውን አስራ አንድ ደቂቃ አስቀድሞ መግደል ምን ይባላል?» አልኩት። በትዕግሥት የግድግዳውን ሰዓት አሳየኝ። አላመንኩም። የነርሷን አየሁ፣ ያው ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን ስልክ አየሁ፣ ያው ነው። ጎን ያለውን በሽተኛ ቀስቅሼ የእጁን ሰዓት አየሁ፤ ሰደበኝ፣ ሰዓቱ ግን ያው ነው። ጓደኛዬ ሞቶብኝ እያለ ስለ ሰዓት ስከራከር ማርፈዴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ ይመስለኛል።

ወደ ጣቢያችን ተመልሼ የስቱዲዮውን የግድግዳ ሰዓት ብመለከት አስራ አንድ ደቂቃ ይቀድማል። እትዬ፣ እርስዎ ያሉበት ድረስ ሞገዳችን ስለማይደርስ አያውቁትም እንጂ ይህ ከተማ ሰዓቱን የሚሞላው በወንድምዎ ድምፅ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ «ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» ሲል ትምህርት ቤቱ ይደውላል፣ መድኃኒት ቤቱ ይከፈታል፣ ባል ከሚስቱ ይኳረፋል። ስልካችን ከሬዲዮው ጋር አይገጥምም የሚሉ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ «የስልኩ ሞገድ ተራራውን ዞሮ ሲመጣ ይደክመዋል» ብዬ በሥዕል አስደግፌ ያስረዳሁ እኔው ነኝ። አምነውኝ ስልካቸውን ያስተካከሉ አሉ።

ሰዓቱን አስተካከልኩት። ምን ላድርግ? ፀጉር አስተካካዩ ወንድምዎን ተክቶ ጠዋት ጠዋት ያነባል፤ በማግስቱ ትክክለኛውን ሰዓት ተናገረ። ከዚያማ አይጠይቁኝ። ግማሹ ሰው አዲሱን ያዘ፣ ግማሹ «እኛ በጉሮሮ ሰዓት ነን» ብሎ ቀረ። (ጉሮሮ የሚለውን ቅጽል ስም እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ሌላ ስሙን ግን እዚህ የሚያውቀው የለም። እኔንም ሽቦ ነው የሚሉኝ።) እሁድ በኳስ ሜዳው አንደኛው ቡድን ከዳኛው ጋር በጉሮሮ ሰዓት መጣ፣ ሌላው በአዲሱ። የቀደሙት ባዶ ሜዳ ላይ ሦስት ጎል አገቡ። ዳኛው አጸደቀላቸው። ጉዳዩ አሁን በይግባኝ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ያልፋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የፈቃዱ ነገር ነው። ጣቢያው በሁለታችን ስም ነበር፤ የእሱ ድርሻ ለእርስዎ አልፏል። እርስዎ ካልፈረሙ ሞገዱ ለሌላ ይሰጣል፣ ጣቢያችንም ይዘጋል። ከዚያ ውጭ እኔ የምሠራው ሥራ፣ የማውቀው ክፍል የለም። ከእንጨት ሥራ ቤቱ በላይ ያለችውን አንዲት ክፍል ያውቋታል፤ መጋዙ ሲጮህ ዜናው የሚቋረጥባት። እባክዎ ይፈርሙልኝ።

የእርስዎው ሽቦ


ጥቅምት 17

ሽቦ፤

ጤናዬን አትጠይቀኝ፣ ጉልበቴ ያው ነው። ጆሮዬ ከስልክ ጋር እንደተጣላ አልታረቀም። ስለዚህ እንጻጻፋለን፣ አንተም ፊደል ትማራለህ። ደብዳቤህን በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፈሃል፤ ሁለቱ ይበቁ ነበር።

ዕቃው ደርሶኛል። ስለ ከረሜላው አልተቀየምኩም። እኔም ካፖርቱን ለብሼው ነው የምጽፈው፤ እጅጌው ያልፈኛል።

የመጨረሻ ቃሉን በአካል ትነግረኛለህ አሉ! ይህች ጉልበት ደረጃ መውጣት ካቆመች አራት ዓመቷ ነው፤ አንተ ደግሞ እመጣለሁ ስትል ዘጠኝ ዓመትህ። በአካል የምንገናኘው እሱ ያለበት ስንሄድ ነው ማለት ነው። ጻፈው።

ስለ ፊርማው። ቢሮው ለወራሽ ብሎ ለእኔ ጽፎልኛል። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 20 ነው። ልብ አድርግ፣ ሃያ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አይጨምሩም።

አልፈርምም አላልኩም። ግን ስማኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሰዓት ማንበብ ያስተማርኩት በእነዚህ ጣቶች ነው። አምስት ለሦስት ጉዳይ ማለት ምን እንደሆነ በስድስት ዓመቱ ያውቅ ነበር። ባትሪ ደከመ እንዳትለኝ። የደከመ ባትሪ ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ወደ ፊት አይሮጥም፤ ሮጦም አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያችው አስራ አንድ ላይ አይቆምም። ያ ልጅ እያወቀ ነው ያደረገው። ከተማ ሙሉ ሰው እያወቀ ዋሽቷል ማለት ነው።

ለምን? ይህን አጣርተህ ንገረኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት አድሮ አልቀለለም። ወንድሜ ሰውን ያታልልበት የነበረ ቤት ከሆነ ስሜን አላኖርበትም፣ ይዘጋ። በቂ ምክንያት ካለው እፈርማለሁ።

እህቱ


ኅዳር 1

ይድረስ ለእትዬ፤

ጤናዎን አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም። እንደምን ነዎት? ስለ መዘግየቴ የምለው አለኝ፤ ግን ሁለቱን ይቅርታ ለበኋላ ላስቀምጣቸው።

አጣራሁ። እንደ ፖሊስ ደብተር ይዤ ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። «ለምን ይመስልሃል?» ስለው መቀሱን አቆመ፤ ወንበሩ ላይ ያለውም ሰውዬ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከዚያ ሁለቱም ሳል ያዛቸው። «ዝም አይነቅዝም ወንድሜ፣ ተወው» ብሎ ጆሮዬ አካባቢ ያልጠየቅኩትን ፀጉር ቆረጠልኝ።

ከዚያ መናኸሪያ። የመናኸሪያው ኃላፊ እንዲያውም ደስ አለው፦ «ጉሮሮ ሳለ ተሳፋሪዬ በሙሉ አስራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው አላውቅም። አሁን ግን እንደ ዶሮ አስፋልት ላይ ይሯሯጡልኛል።» እኔም ይኸው ምክንያቱ ተገኘ ብዬ ልጽፍ ስል «ለእኛ ብሎ ግን አልነበረም» አለኝ። «ታዲያ ለማን?» ስለው ፊሽካውን ነፋ። የሚወጣ አውቶቡስ አልነበረም እትዬ።

ሦስተኛ፣ የልብ ጉዳይ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ወንድምዎ የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮ ሲያይ ድምፁ ይወፍር እንደነበር ሰው ሁሉ ያውቃል። መድኃኒት ቤቱ ቀድሞ እንዲከፈትለት ይሆናል ብዬ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት። «ለኔ ቢሆንማ አንድ ሰዓት ይገፋው ነበር» አለችኝና ያላዘዝኩትን የራስ ምታት ኪኒን ሸጠችልኝ። ስወጣ ዞር ብዬ ባይ ዓይኗን እየጠረገች ነው። እኔም ያመመኝ ያኔ ነው፤ ኪኒኑን ዋጥኩት።

የትምህርት ቤቷ ዲሬክተርም አይተውኝ ሳቁ። «የሚያውቁት ነገር ካለ ለምን ይስቁብኛል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለው ደወሉ ዘንድ ሄዱ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። የእኔ ጆሮ ደህና ነው፤ ሥራዬ ራሱ በጆሮ ነው። የሚያውቁት ነገር አለ፣ አይነግሩኝም። የሁሉም ዓይን ሲያየኝ ደግሞ የሚያዝንልኝም የሚስቅብኝም ይመስላል። እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖር ይሆን? ደብዳቤ ይጽፍልዎት አልነበር?

ሌላው ደግሞ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይጽፍልዎ አይቀርም፣ ሰዓቱ ከተስተካከለ ወዲህ ጣቢያው አምስት ጠዋት ዘግይቶ ተከፈተ ስለሚባለው፦ አንዱ ቀን ዝናብ ነው። አንዱ ቁልፍ ነው። ሌሎቹን ሦስቱን አላስታውስም። ድሮ እንዲህ አያጋጥመኝም ነበር። በጉሮሮ ዘመን አንድ ቀን ዘግይተን አናውቅም፤ የቢሮውን መዝገብ ይጠይቁ።

ሃያ ቀን እንኳ አልቀረም እትዬ። ምክንያቱን አላገኘሁም ብለው ይተዉኝ ይሆን? ይቅርታ። ይቅርታ።

ሽቦ


ኅዳር 6

ሽቦ፤

ቁጭ ብለህ አንብብ። ማሰራጫው አጠገብ አትሁን፤ ኤሌክትሪክ ነው።

አዎ፣ ይጽፍልኝ ነበር። በወር አንድ ጊዜ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት። ደብዳቤዎቹን ሳላገላብጥ ለምን ጠየቅኩህ መሰለህ? ሣጥኑን መክፈት ፈርቼ ነው። ከትናንት ወዲያ ከፈትኩት። ጣቢያው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን የጻፈልኝን አገኘሁ። እንዲህ ይላል፣ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፦

«እቴ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁና ምከሪኝ። ከቢሮ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ከአንድ ሰዓት በፊት አየር ላይ ካልዋላችሁ ፈቃዱ ይቀራል አለን። ሽቦን ታውቂዋለሽ፤ ለራሱ ሠርግ አርፍዶ ሙሽራዋ የተመለሰችበት ሰው ነው። ንገረው እንዳትዪኝ፣ ተነግሮት ያውቃል፤ ያለቅሳል፣ ይምላል፣ ያረፍዳል። ስለዚህ በዋዜማው የግድግዳውን ሰዓት አስራ አንድ ደቂቃ ወደ ፊት ገፋሁት። ሽቦ የእጅ ሰዓቱን የሚሞላው ከዚያ ነው። በማግስቱ በሰዓቱ ደረሰ! እቴ፣ ፊቱን ብታዪው። ‹አየህ፣ ሰው ይለወጣል› እያለ ማሰራጫውን አስነሳ። ያን ፊት ይዤ እንዴት ልንገረው? ማይክሮፎኑ ሲከፈት እሱ ጓዳ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማኛል። ትክክለኛውን ሰዓት ብናገር ሊያውቅብኝ ነው። ‹ሰዓቱ ልክ አንድ ሰዓት ነው› አልኩ። ተቆጣጣሪው የእጁን ሰዓት አየ፣ አፈረ፣ አስራ አንድ ደቂቃ ወደ ፊት ገፋው። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ። አሁን ከተማው ሁሉ ተከትሎኛል። አንድ ሰው እንዳያፍር ብዬ ጀመርኩት፤ እንዴት እንደማቆመው አላውቅም።»

እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። «ነገ ንገረው» ብዬ ይሆናል። ነገ አልሆነም።

ስለዚህ የቢሮው መዝገብ እውነቱን ነው፣ በጉሮሮ ዘመን ዘግይታችሁ አታውቁም። አንተ አስር ደቂቃ ስታረፍድ እሱ አስራ አንድ ቀድሞ ይጠብቅህ ነበር።

ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩ። አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከተማው ለአንተ ሲባል የተታለለ እንደሆነ ከተማው ካንተ አፍ መስማት አለበት። ለወንድሜ የመታሰቢያ ፕሮግራም አድርግለት። ማይክሮፎኑ ፊት ራስህ ተቀመጥና ተናገር። ፀጉር አስተካካዩ ይጽፍልኛል። ያን ጊዜ እፈርማለሁ።

እህቱ


ኅዳር 8

እትዬ፤

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

አልናገርም። ማይክሮፎን ፊት አልቀመጥም። አስራ ዘጠኝ ዓመት አልተቀመጥኩም፣ አሁንም አልቀመጥም። ፊርማዎን ይያዙት። ጣቢያው ይዘጋ። ማሰራጫውን ፈትቼ ለእንጨት ሥራ ቤቱ ማሞቂያ አደርግለታለሁ።

ተናድጃለሁ። በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም። በሞተ ሰው ላይ? ፀጉር አስተካካዩን ሄጄ አንገቱን ያዝኩት። «ታውቅ ነበር?» «አውቅ ነበር።» «ሌላስ ማን ያውቃል?» «ማን የማያውቅ አለ ብትለኝ ይቀላል» አለኝ። እኔ ተራራ ሥዬ ሞገድ እንዴት እንደሚደክም ሳስረዳ ያ ሁሉ ሰው ጭንቅላቱን የነቀነቀው ለእኔ ብሎ ነው! አንዱ እንኳ «ሂድ ወዲያ» አይለኝም? መናኸሪያው፣ መድኃኒት ቤቷ፣ ዲሬክተሯ፤ ሙሉ ከተማ ተስማምቶ እኔን እንደ ሕፃን አዝሎኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ በሰዓት አክባሪነቴ ሰው ስገስጽ! የእንጨት ሥራ ቤቱን ባለቤት «ሰዓት ማክበር ከእኔ ተማር» ብዬው አውቃለሁ። ሲስቅ ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።

ስለ ሠርጌም ጽፎልዎታል ለካ። እሺ።

የመጨረሻ ቃሉን ጻፈው ብለዋል። ይኸው። ዓይኑን ገልጦ «ሽቦ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ። ያቺው ናት። ሰው ሲሞት ትልቅ ነገር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ሰዓት ጠየቀኝ፤ ለዚህ ነው ያልጻፍኩልዎት። የእጄን አይቼ «ሦስት ሰዓት ከሃያ ስምንት» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። ያ ሁሉ ቱቦ ተሰክቶበት ሳቀ። ሕመሙ አእምሮውን ነካው ብዬ ነርስ ጠራሁ። ነርሷ ስትመጣም ይስቅ ነበር።

ለምን እንደሳቀ አሁን ገባኝ። እዚያም ሆኖ አልነገረኝም እኮ!

አልናገርም ብያለሁ።

ሽቦ


ኅዳር 14

ሽቦዬ፤

ስትናደድ ትፈጥናለህ ለካ። ደብዳቤህ በሁለት ቀን ደረሰኝ።

በማግስቱ ደግሞ የፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ዘጠኝ ገጽ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ አለኝ፦ ቅዳሜ ጠዋት ዜናውን አንብቦ ሲጨርስ አንተ ከጓዳ ወጥተህ «ተነስ» አልከው፣ ተቀመጥክ። ማይክሮፎኑን ከፍተህ ዝም አልክ። ሰው ሁሉ ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ እየደበደበው ሳለ «ጤና ይስጥልኝ። የሚያረፍደው እኔ ነኝ» አልክ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርክ። ሠርጉን ጭምር። ተራራውንም። የሳቀውን ሳቅ ስትናገር አለቀስክ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አፍንጫህን የተናፈጥከው ግን ማይክሮፎኑ ላይ ነው አለኝ፤ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ደንግጣ ጠርሙስ ጥላለች። የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት መጋዙን አጥፍቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰማህ አሉ። ያ መጋዝ በሥራ ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም ብሎ ከሥሩ አስምሮበታል።

ጎበዝ። እኔ ጆሮዬ ቢሰማ፣ ሞገዱም እዚህ ቢደርስ ኖሮ ያን ጠዋት እሰማው ነበር። ወንድሜንም አንድ ቀን በሬዲዮ ሰምቼው አላውቅም። ተናጋሪ መሆኑን የማውቀው በጽሑፍ ነው። ይህ ሲከነክነኝ ይኖራል።

ከተማው ምን እንደወሰነም ጽፎልኛል። «ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ በጉሮሮ ሰዓት አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ከአስራ አንድ» ብሎ ሁለቱንም ማንበብ ጀምሯል። በሒሳብ መምህርነቴ ልቃወም ይገባኝ ነበር። አልተቃወምኩም። የኳሱ ይግባኝም ውድቅ ሆኗል ይላል፤ ሦስቱ ጎል ጸንቷል። እሱን ግን እቃወማለሁ።

የፈረምኩበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ቢሮው የሚቀበለው በእጅ ነው፣ በፖስታ አይሆንም። አንተ ትወስዳለህ። ኅዳር 20 ነው። ይኸው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ኅዳር 20፣ ሽቦ።

እህቱ


ኅዳር 23

ይድረስ ለእትዬ፤

እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም። እርማትዎን ለማንበብ እንኳ ፊት የለኝም።

አረፈድኩ።

ወረቀቱ የደረሰኝ ኅዳር 17 ነው። ሰፊ ጊዜ ነበረኝ፤ የገደለኝም እሱ ነው። በ18 ሱሪዬን ላስተኩስ ሰጠሁ። በ19 ሱሪው አልደረሰም። በ20 ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። እንደ ሰው በእግሬ ወጣሁ፣ መናኸሪያ ደረስኩ፤ የአውቶቡሱን ጀርባ አየሁ። የመናኸሪያው ኃላፊ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «በጉሮሮ ሰዓት ቢሆን ትደርስ ነበር» አለኝ። ሳቀብኝ ብዬ ቀና ብል ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በ21 የመንገድ ጥገና ነው ተብሎ አውቶቡስ የለም። በ22 ሄድኩ። ቢሮው በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃው «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ሁለት ቀን አሳልፌ መጣሁ ማለት አቃተኝ። «ምንም» አልኩት። እትዬ፣ ምንም አልኩት! ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ ፊርማዎ በልቤ ላይ ሆኖ፣ ምንም ብዬ ተመለስኩ።

ለሰው አልተናገርኩም። ፀጉር አስተካካዩ ዛሬም ሁለቱን ሰዓት አነበበ፤ አሁን ጓዳ ሆኜ እሱን እየሰማሁ ነው የምጽፈው። መቼ መጥተው እንደሚዘጉን እንጃ። መሣሪያዎቹን እያጸዳሁ ነው፤ ሲወስዱት አቧራ አይገኝበት ብዬ።

እኔ የማዝነው ለጣቢያው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው አስራ ዘጠኝ ዓመት በኔ ፈንታ ሲቀድምልኝ ኖረ፤ እሱ በሞተ በመጀመሪያው ጉዳይ ራሴን ችዬ መድረስ አቃተኝ። ሰው ይለወጣል ብዬው ነበር። አልተለወጥኩም። እርስዎም ስምዎን ያኖሩት ባዶ ላይ ሆነ።

ይቅርታ። ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አይቁጠሩብኝ።

ሽቦ


ኅዳር 25
በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ

አንተ ሽቦ፤

ሹፌሩን «ያ በሽተኛ መሳይ ይህን እስኪያነብ ድረስ ከአጠገቡ እንዳትለይ» ብዬዋለሁ። ቆሞ እያየህ ነው። ሳታለቅስ አንብብ።

የቢሮው ደብዳቤ እጄ ላይ ነው። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 30 ይላል።

ሠላሳ። ሃያ ያልኩህ እኔ ነኝ።

ምን ልሁን? ያ ልጅ አንድ ጠዋት ብቻ ስለነበረበት አስራ አንድ ደቂቃ በቃው። እኔ ግን ሱሪ ልታስተኩስ እንደምትችል አሰብኩ፣ መንገድ ሊጠገን እንደሚችል አሰብኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥበቃ «ምን ፈልገህ ነው?» ሲልህ ልትመለስ እንደምትችል አሰብኩ። አስር ቀን ሰጠሁህ። ሒሳብ ነው እንግዲህ፣ ይህን የምችለው እኔ ነኝ።

አዎ፣ ዋሽቻለሁ። ወንድሜ ከተማ አታለለ ብዬ ስፎክር የነበርኩት ሴትዮ፣ የመጀመሪያ ደብዳቤህን ይቅርታዎች ቆጥሬ ስጨርስ ወዲያው ዋሸሁህ። ምንም አልከበደኝም። እሱም እንዲህ ሳይከብደው ጀምሮት ይሆናል። ምናለ በሕይወት እያለ ባልኩት፣ «ትንሹ፣ ገብቶኛል» ብዬ። አሁን የምለው ለአንተ ነው።

አሁን ተነስ። ሱሪው እንዳለ ይሁን፣ የሚያይህ የለም። ነገ ጠዋት በሹፌሩ አውቶቡስ ትሄዳለህ፤ ዛሬ ማታ ቤትህ ያድራል፣ ተስማምተናል። እግሩን ይታጠብበት ውሃ አሙቅለት። ጥበቃው «ምን ፈልገህ ነው?» ሲልህ «ሬዲዮ ጣቢያ አለኝ» በለው።

እንግዲህ ሠላሳ መሆኑን እንዴት አምናለሁ ትለኝ ይሆናል። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ አንተም እውነትህን ነው። የቢሮውን ደብዳቤ ይላኩልኝና በዓይኔ ልየው እንዳትለኝ ግን።

አልልክልህም።

እህትህ